በሩጫና በብረት ማንሳት ጊዜ ወደ ዓይን የሚሄደው ደም ስንት እጥፍ ይጨምራል? አንድ ጥያቄና 19 ምላሾች

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነው። መነሻው ልክ ነው፦ ሰው ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፣ በከባድ ሩጫ ጊዜ ይህ ወደ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይወጣል፣ የሚሠራ ጡንቻ የሚደርሰው ደምም በብዙ እጥፍ ያድጋል። ከዚህ ተነስቶ ዓይንም ቢያንስ 3 እጥፍ ደም ሳያገኝ አይቀርም ይላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውሉ ሠልጣኞቹም ዓይንን ያጥባል እያለ ከባድ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) እንደሚያዝ ይጽፋል። ቀጥሎ ግን የከነከነውን ሁለተኛ ጥያቄ ያነሳል። ደሙ ይህን ያህል ከጨመረ የመስቀል አደባባይን ደረጃ ሮጠው የጨረሱ ሰዎች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ዓይናቸው ለምን ይጨልማል? በእኔ አስተያየት ክሩን ሊነበብ የሚገባው ያደረገው ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ግምት የሚያፈርሰውም እሱው ነውና።

ምላሽ 1 በአክብሮት የተጻፈ ነው። የልቡን ቁጥር ይቀበልና ደም ለሁሉም እኩል እንደማይታደል ያስታውሳል። በሩጫ ጊዜ የኩላሊትና የአንጀት ድርሻ ይቀንሳል፤ ቆዳ ሙቀት ለማስወጣት ብዙ ይወስዳል፤ አንጎል ግን ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ይቆያል። ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ በፅንስ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣ አካል ስለሆነ ጠባዩ ወደ አንጎል ሳያደላ አይቀርም ሲል ይገምታል።

ምላሽ 2 ክሩን መስመር ያስያዘው ነው። ጸሐፊዋ የዓይን ሐኪም ናት። ዓይንን በአንድ ቃል ጠቅልሎ መናገር እንደማያዋጣ፣ ውስጡ ሁለት የተለያዩ የደም መስመሮች እንዳሉ ታስረዳለች። የሬቲናን የውስጥ ክፍል የሚመግበው ከእይታ ነርቭ ጋር ወደ ዓይን የሚገባው ማዕከላዊ የሬቲና ደም ቅዳ ነው። ከሬቲና ጀርባ ያለው፣ ኮሮይድ የሚባለው በደም ሥር የተሞላ ሽፋን ደግሞ የዓይንን ግድግዳ ከኋላ በስተው በሚገቡ አጫጭር ደም ቅዳዎች ይመገባል። ወደ ዓይን ከሚገባው ደም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው ኮሮይድ ነው። ሬቲና የሚደርሰው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ቀሪው ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል ይሄዳል። ብርሃን ተቀባይ ሴሎች በአካባቢያቸው የራሳቸው የደም ሥር ስለሌላቸው ኦክስጅናቸውን የሚያገኙት በዋናነት ከኮሮይድ ነው። ቀጥላ የጠቀሰችው ልዩነት የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው። የኮሮይድ የደም ሥሮች ሲምፓተቲክና ፓራሲምፓተቲክ የሚባሉ፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩ ነርቮች አሏቸው፤ የሬቲና የደም ሥሮች ግን ዓይን ውስጥ ከገቡ በኋላ እነዚህ ነርቮች አይከተሏቸውም። ስለዚህ ሰው ሲሮጥ ከነርቭ የሚመጣው ትእዛዝ ኮሮይድን በቀጥታ ያገኘዋል፤ ሬቲና ግን ራሱን በራሱ ማስተዳደር አለበት።

ምላሽ 3 አጭር ጥያቄ ነው፦ ኮሮይድ ይህን ሁሉ ደም ለምን ይፈልጋል? ማባከን አይሆንም ወይ?

ምላሽ 4 ለዚህ በቁጥር ይመልሳል። በሬቲና የሚያልፍ ደም ሲገባና ሲወጣ ያለው የኦክስጅን ልዩነት ከ35 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ በኮሮይድ ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኮሮይድ ከደሙ የሚቀንሰው ጥቂት ስለሆነ ከአጠገቡ ላሉት ሴሎች የኦክስጅን ክምችቱ ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ኦክስጅኑም ርቀቱን አልፎ ይደርሳቸዋል። በብርሃን የሚመነጨውን ሙቀት ጠርጎ በመውሰድም እንደሚያገለግል ይታመናል። ማባከን የሚመስለው ለሌላው ወገን ዋስትና ነው።

ምላሽ 5 ላይ አንድ መሐንዲስ ሒሳብ ይዞ ይገባል። በዕረፍት 120 በ80፣ በሩጫ 180 በ80 የሆነ የደም ግፊት ይወስዳል። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፤ 100 እና 130 ያገኛል። ከሁለቱም ላይ የዓይን ውስጥ ግፊትን (በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረውን ግፊት) 15 ቀንሶ ደምን ወደ ዓይን የሚያስገባው የተጣራ ግፊት ከ85 ወደ 115 ከፍ አለ፣ ማለትም 35 በመቶ ጨመረ ሲል ይደመድማል።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ይጠነክራል። ጸሐፊው ውጤቱ ለእውነቱ የቀረበው በአጋጣሚ መሆኑን ሳያለሳልስ ይናገራል፤ ስህተቶቹ እርስ በርስ ተጣፉ እንጂ ስሌቱ ልክ አይደለም ባይ ነው። የአማካይ ግፊት መነሻው ታችኛው ቁጥር ሲሆን የላይኛውና የታችኛው ልዩነት አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል። በዕረፍት 93፣ በሩጫ 113 ይመጣል። ዓይን ከልብ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ቁጥሩ በሁለት ሦስተኛ ይባዛል፤ 62 እና 76 ገደማ ይሆናል። የዓይን ግፊትም በሩጫ ጊዜ ባለበት አይቆይም፣ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው 15፣ ከሁለተኛው 11 ይቀነሳል። የተጣራው ግፊት ከ47 ወደ 65 ወጣ ማለት ነው፤ 37 በመቶ ገደማ። ሁለት ማስጠንቀቂያም ያክላል። የአንድ ሦስተኛው ቀመር ለረጋ የልብ ምት የተበጀ ነው። ምቱ ሲፈጥን ልብ የሚያርፍበት ጊዜ ስለሚያጥር እውነተኛው አማካይ ከስሌቱ ከፍ ይላል። የሁለት ሦስተኛው ደግሞ ለተቀመጠና ለቆመ ሰው እንጂ በጀርባው ተንጋሎ ቤንች ፕሬስ ለሚሠራ አይሆንም። መልሱ ትክክል ነው፤ ያንን ያህል መቆጣት ግን አያስፈልገውም ነበር።

ምላሽ 7 ላይ መሐንዲሱ አመስግኖ ይመለሳል፤ አሁን የጻፈው ከክሩ ምርጥ አንቀጾች አንዱ ነው። በቱቦ ውስጥ ያለ መቋቋም ከውስጥ ስፋቱ ጋር በአራተኛ ኃይል ይቀያየራል። የደም ሥር ስፋቱ በ5 በመቶ ቢጠብ መቋቋሙ 23 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በ10 በመቶ ቢጠብ ደግሞ 52 በመቶ። ስለዚህ ያንን የ37 በመቶ የግፊት ጭማሪ ሙሉ ለሙሉ አጣፍቶ ፍሰቱን ባለበት ለማቆየት የሚያስፈልገው 7 ነጥብ 5 በመቶ ገደማ መጥበብ ብቻ ነው። በሰው ዓይን እንኳ ለማየት የሚያስቸግር ለውጥ ያን ሁሉ ግፊት ያግደዋል። አሰልጣኙ የጠበቀው 3 እጥፍ የት እንደቀረ ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ አላየሁም።

ምላሽ 8 መጥበቡን ማን እንደሚያዝ ያብራራል። በሬቲና መጀመሪያ የሚነቃው የደም ሥሩ የራሱ ጡንቻ ነው፤ ግፊት ሲወጥረው መልሶ ይሰበሰባል። ከዚያ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከተላሉ፣ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን የሚያመነጫቸው ናይትሪክ ኦክሳይድና ኢንዶቴሊንም አሉ። የመጀመሪያው ያሰፋል፣ ሁለተኛው ያጠባል። በኮሮይድ በኩል በዚህ ላይ የሲምፓተቲክ ነርቭ ይጨመራል። ምላሹ የሌዘር ዶፕለርን (በሌዘር ብርሃን የደምን ፍጥነት የሚለካ ዘዴ) ለሬቲና የደም ፍሰት መለኪያነት እ.ኤ.አ. በ1972 ካስተዋወቁት አንዱ የሆነውን ቻርልስ ሪቫን ይጠቅሳል። ሪቫና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሥራ ሰዎች ስኳት ይዘው ሲቆዩ የተጣራው ግፊት በአማካይ 67 በመቶ ከፍ ሲል፣ በማኩላ (ጥርት አድርጎ በሚያየው የሬቲና ማዕከል) መሀል ያለው የኮሮይድ ፍሰት የጨመረው 12 በመቶ ገደማ ነበር። የሬቲናም መከላከያ ወሰን አለው፤ አማካይ የደም ግፊቱ ወደ 40 በመቶ ገደማ እስኪጨምር ይቋቋማል፣ ከዚያ ሲያልፍ ፍሰቱ ከግፊቱ ጋር መውጣት ይጀምራል።

ምላሽ 9 ይህን በተሳሳተ መንገድ አነበበው። ብረት አንሺ የሆነ ተሳታፊ፣ ሙከራው የተደረገው በስኳት ከሆነና ዓይን ከተቋቋመው፣ የፈለጉትን ያህል ክብደት ማንሳት አይጎዳም ማለት ነው ይላል። ሐኪሟን አንቺ እያለ ይጠራታል፤ ሐኪሞች ሰውን ማስፈራራት ይወዳሉ ሲልም ያክላል። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ገብተው ዶክተሯን በእርስዎ እንዲያነጋግራት ይገሥጹታል፤ በቁጥር ባይያዙም ተገቢ ነበሩ።

ምላሽ 10 ላይ ሐኪሟ ለስድቡ አትመልስም፣ ለሐሳቡ ብቻ ትመልሳለች። በሙከራው የተሳተፉት ጤነኛ ዓይን ያላቸው፣ ያለ ብረት በራሳቸው ክብደት ስኳት የያዙ ሰዎች እንደሆኑ ታስታውሳለች። በጂም የሚታየው ችግር ከክብደቱ ይልቅ ትንፋሽን ከመያዝ ይመጣል። ጉሮሮ ተዘግቶ ሲገፋ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይወጣል፣ ከጭንቅላት የሚመለሰው ደም መንገድ ያጣል፣ በደም መልስ በኩል የተጠራቀመው ግፊት ወደ ዓይን ይደርሳል። ያን ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት በሩጫ ጊዜ እንደሚሆነው አይወርድም፣ ይወጣል። በሬቲና ላይ ያለ ቀጭን የደም ሥርም ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ጉዳት ቫልሳልቫ ሬቲኖፓቲ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን ቶማስ ዱዌን እ.ኤ.አ. በ1972 ገልጾታል። ሰውየው ብረቱን አስቀምጦ ቀና ሲል በአንድ ዓይኑ መሀል ጥቁር ወይም ቀላ ያለ ጥላ ያያል፤ ሕመም የለውም። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይጠራል፤ ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ታዛለች። ብረቱ ሲወርድ አየር ማስገባት፣ ሲገፋ ወይም ሲነሳ አየር ማስወጣት። እያንዳንዱን ድግግሞሽ ጮክ ብሎ መቁጠር፤ ቁጥሩን መጥራት ያቃተው ሰው ትንፋሹን ይዟል ማለት ነው፣ ክብደቱን ይቀንስ። ጭንቅላት ከልብ በታች የሚውልበትን አግዳሚ መተው፣ ወደ ላይ ያዘነበለውን መምረጥ። አንገት የሚያንቅ ልብስ አለመልበስ። ስኳር በሽታ ኖሮባቸው በሬቲናቸው ላይ አዲስ የደም ሥር የበቀለባቸው ሰዎች ደግሞ ሕክምናቸው ተጠናቆ ሐኪም እስኪፈቅድላቸው ከባድ ብረትም፣ ዝላይም፣ ጭንቅላት ቁልቁል የሚሆንበት እንቅስቃሴም ክልክል ነው። ከክሩ ሁሉ ታትሞ ጂም ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የምወደው ይህን ምላሽ ነው።

ምላሽ 11 ወደ ሩጫ ይመልሰናል፤ ከፍታን ያስገባል። ሩጫው ከተወሰነ ጥንካሬ ሲያልፍ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይተነፍሳል፤ በደም ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በዕረፍት ከነበረበት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል፤ ያኔ የሬቲና የደም ሥሮች ይጠባሉ። የኦክስጅን እጥረት ግን በተቃራኒው ያሰፋቸዋል። በባሕር ጠለል ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊቱ 150 ገደማ ነው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 110 ገደማ፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ፍጥነት የሚሠራ ሯጭ ሬቲና ሁለት የሚጣረሱ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ይደርሱታል። በዝቅተኛ ቦታ የተገኘ ቁጥር ተወስዶ እዚህ እንዳለ ሊሠራበት አይገባም የሚለው ማሳሰቢያው ትክክለኛ ነው።

ምላሽ 12 ሁለተኛውን ጥያቄ ያነሳል፤ በመጨረሻ። ሯጩ ሲቆም የእግሩ የደም ሥሮች ገና ሰፍተው እንደተከፈቱ ናቸው፣ ደሙን ወደ ላይ ይገፋ የነበረው የጡንቻ መጨማደድ ግን ቆሟል። ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ የላይኛው ግፊት በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። ከአንጎል ቀድሞ ዓይን ደም የሚጎድልበት ምክንያት በውስጡ ያለው 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ግፊት ነው፤ ወደ ዓይን የሚገባ ደም ያንን ተቃውሞ መግባት አለበት። በተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ላይም እንዲሁ ይታያል፤ ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት እይታቸው ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጨልማል። የሚጠፋው ከዳር ወደ መሀል ነው፤ የሬቲና ዳር የደም ሥሩ የመጨረሻ ጫፍ ስለሆነ እዚያ የሚደርሰው ግፊት ከሁሉ ያነሰ ነው። መፍትሔው ደረጃውን ጨርሶ ቀጥ ብሎ አለመቆም ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዝግ ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። ከጨለመም ወዲያው መሬት ላይ መቀመጥ፣ ካልተሻለ መንጋለልና እግርን ከፍ ማድረግ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ መጠበቅ ነገሩን ያባብሳል።

ምላሽ 13 ከመስመር ይወጣና ከሩጫ በፊት ቡና መጠጣት ዓይንን ይጎዳ እንደሆነ ይጠይቃል። ምላሽ 14 ካፌይን የሬቲናን የደም ሥሮች በመጠኑ እንደሚያጠብ፣ ለጤነኛ ሰው ግን አንድ ሲኒ የሚያሳስብ እንዳልሆነ ይመልሳል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ምላሽ 15 ግን ከልብ የመጣ ጥያቄ ነው። እናታቸው ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም) ያለባቸው አንድ ተሳታፊ፣ በዐቢይ ጾም ስግደት ሲያበዙ ዓይናቸውን ይጎዳቸው ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ምላሽ 16 ይህ የስፖርት ክር ነው፣ ሃይማኖት አታስገቡበት ሲል ይቆጣል። ምላሽ 17 ላይ ሐኪሟ ጥያቄው በትክክል የክሩ ጉዳይ መሆኑን ትገልጻለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ጭንቅላት ከልብ በታች ሲወርድ የዓይን ግፊት ይወጣል። በጭንቅላት ቆመው በሚሠሩት የዮጋ አቋም ወደ እጥፍ እንደሚደርስ ተለክቷል። ስግደት ግን ሰከንዶች ብቻ ይቆያል፣ ሰውየው ሲነሳ ግፊቱም ይመለሳል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግንባርን መሬት ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ መቆየትን ማስቀረት፣ በፍጥነት ከመነሳት መቆጠብ፣ ትንፋሽ አለመያዝ ይበቃል። የእይታ ነርቫቸው በጣም የተጎዳ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሚሰግዱ ለሚከታተሏቸው ሐኪም ይንገሩ፣ ለንስሐ አባታቸውም ሕመማቸውን ያስረዱ።

በዚያው ምላሽ ግላኮማ ላለባቸው ሌሎች ነገሮችም ተከትለዋል። ፈጣን እርምጃና ሩጫ የዓይን ግፊትን በጥቂት ሚሊ ሜትር ያወርዳሉ፤ ግፊቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ምርመራ እየሮጡ የሚሄዱ ሰዎች የሚለካላቸው ቁጥር ከዘወትሩ ሊያንስ ይችላል። ከሩጫ በኋላ አንድ ሊትር ውኃ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጨለጥ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ያወጣዋል፤ እየተጎነጩ መጠጣት ይሻላል። ቲሞሎል የተባለውን የግላኮማ ጠብታ የሚያንጠባጥቡ ሰዎች መድኃኒቱ በእንባ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ስለሚገባ ሲሮጡ የልብ ምታቸው እንደወትሮው አይወጣም፤ በምት ቁጥር የሚያሠለጥን ሰው ይህን ካላወቀ ሰነፉ ብሎ ያስጨንቃቸዋል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ መጫን ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል። በአይሪሳቸው (ባለቀለሙ የዓይን ክብ) ጀርባ ያለው ቀለም የሚረግፍባቸው ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። በዝላይና በቅርጫት ኳስ ጊዜ የሚረግፈው ቀለም የዓይንን የውስጥ ፈሳሽ መውጫ ይዘጋና ግፊቱ ይወጣል፤ ከጨዋታ በኋላ ጉም የመሰለ እይታና በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ምልክቶቹ ናቸው።

ምላሽ 18 ላይ ሌላ ባለሙያ ይገባና መጨለም ሁሉ ከደም መውረድ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። በሁለቱም ዓይን፣ ሲቆሙ መጥቶ ሲቀመጡ የሚሄደው ምላሽ 12 የገለጸው ነው። በአንድ ዓይን ብቻ፣ ገና እየሮጡ ሳለ የሚመጣ ግን የሬቲና ደም ቅዳ መኮማተር ወይም የአንገት ደም ቅዳ መጥበብ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይታያል። ሰውነት ሲግል የሚደበዝዝና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ እይታ ደግሞ የእይታ ነርቭ ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ይታያል፤ ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። እዚህ ላይ የነርቩ መተላለፊያ በሙቀት ይዳከማል እንጂ የደም መጠን አላነሰም።

ከዚህ በኋላ አሰልጣኙ ተመልሶ የመክፈቻ ጽሑፉን አስተካክሏል። 3 እጥፍ የሚለውን ሰርዞ፣ ምላሾቹ ትርጉም እንዳያጡ የቀድሞውን ከሥሩ ትቶታል። ከባድ ስኳት ለዓይን ብሎ ማዘዙን እንደሚያቆም፣ በምትኩ በየሥልጠናው መጨረሻ የ8 ደቂቃ እርምጃ እንደሚጨምር፣ ሠልጣኞቹን ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ እንደሚያደርግ ጽፏል። አዲሱ ዓረፍተ ነገሩ በእንቅስቃሴ ጊዜ የዓይን የደም ፍሰት አይለወጥም የሚል ነው።

ምላሽ 19 የምላሽ 6 ጸሐፊ ነው፣ አሁን ረጋ ብሏል። አይለወጥም የሚለው አሁንም አንድ ቃል ይጎድለዋል ይላል፦ ብዙም። የሬቲና ፍሰት በመጠነኛ እንቅስቃሴ ባለበት ይቆያል፤ የኮሮይድ ግን በጠንካራ እንቅስቃሴ ጊዜ በመጠኑ ከፍ ይላል፣ ከግፊቱ ጭማሪ ግን በብዙ ያንሳል። አሰልጣኙ ቃሉን ጨምሮበታል።